ቶርኖው ለምን ይጮኻል?

ይህ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ለብረታ ብረት ሥራ ተማሪዎችና ለከተማው ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ስገለብጠው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ።

እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ አዳራሹ በሙሉ! ጎጃም ውስጥ ይህን መጠየቅ ራሱ ስድብ ሳይሆን አይቀርም። መጥረቢያው እንጨቱን ደህና አድርጎ ሲገባበት ምንም አይሰማችሁም። ጉጥ ላይ ሲያርፍ ግን እጀታው ይነዝራችኋል። እስከ ክርናችሁ ይወጣል። ንዝረት የምንለው እሱን ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ንዝረት ነው፤ መጥረቢያውን ትተን፣ ብረት እያሽከረከረ በስለት ወደሚቀርጸው ማሽን፣ ወደ ቶርኖ እንወስደዋለን።

አሁን ከፊተኛው ወንበር ጀምሬ አንድ ብረት አሳልፋለሁ። የወፍጮ ቡሽ ነው፤ ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት ክብ ባዶ ብረት ማለት ነው። እግራችሁ ላይ እንዳትጥሉት፣ ይከብዳል። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡና ዳብሱት። እንደ ቆርቆሮ ሽብሽብ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን አልጣልኩትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ገና ሥራ ለማጅ እያለሁ አንድ ባለ ወፍጮ ከፍኖተ ሰላም መጣ። ቡሹ ተበልቶበታል፤ አዲስ እንዲወጣለት ይፈልጋል። የውስጡ ቀዳዳ 60 ሚሊ ነው፣ ጥልቀቱ ከ120 ሚሊ ይበልጣል። እኔ ያገኘሁት የቦሪንግ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ስለት ይዞ ቀዳዳን ከውስጥ የሚቆርጠው፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻው እንዲደርስልኝ 140 ሚሊ ወደ ውጭ አውጥቼ አሰርኩት። ቶርኖውን በደቂቃ 400 ዙር ላይ አስነሳሁት። ስለቱ ብረቱን ገና ሲነካው ጮኸ። ጩኸት ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። ቢላ የቀረበበት ፍየል ማለት ነው። ባለ ወፍጮው ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ሻዩን ጥሎ መጣ። እኔም ደንግጬ ዳዶውን ሁሉ አጠበቅሁ። ጩኸቱ አልቀነሰም። ጥቂት ቆይቶ የካርባይዱ፣ ማለት በጣም ጠንካራው ስለት፣ ጫፍ ቀንጠብ አለ።

ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። የመኪና ካላማዳሪያ ቆርጬ ከዘንጉ ሥር፣ ልክ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አነጠፍኩ። ጎማ ንዝረት ይበላል አይደል? በላ። ጩኸቱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። ደስ አለኝ። ስለካው ግን ቀዳዳው አፉ ላይ ሌላ፣ ጀርባው ላይ ሌላ ነው። ዘንጉ ጎማው ላይ ተደላድሎ ይሰምጥ ነበር። ንዝረቱን ሳባርር ልኩን አባረርኩት።

በመጨረሻ ሥራውን ያዳኑት በዕድሜ የገፉ ቶርነኛ ናቸው። እኛ አያ ነበር የምንላቸው። ምንም ሳይናገሩ ጎረቤት ጋራዥ ሄደው 40 ሚሊ ዘንግ ተውሰው መጡ። እሱን አስረው፣ ሌላ ብረት አንስተው፣ ያለ አንዳች ጩኸት ጨረሱት። «ቀጭን ከሆነ አይቆምም፣ ረጅም ከሆነ አይቆምም» አሉኝ። ትምህርቱ ይኼው ነበር።

ሒሳቡን በኋላ ትምህርት ቤት አገኘሁት። አንድ ጫፉ ታስሮ ሌላው ጫፉ የሚገፋ ዘንግ፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መለመጡ 8 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መለመጡ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። አያ 20ውን በ40 ሲለውጡት ዘንጉን 16 ጊዜ አጠነከሩት ማለት ነው። በዓለም ላይ ያለ ቶርነኛ ሁሉ የሚያውቀው ልክም አለ። ተራ የብረት ዘንግ ከውፍረቱ 4 እጥፍ ያህል ሲወጣ ይሠራል፤ ከዚያ ሲያልፍ መለፍለፍ ይጀምራል። የእኔ 7 እጥፍ ወጥቶ ነበር። ባይጮህ ነበር የሚገርመው።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል። ቀዳዳው 60 ሳይሆን 25 ሚሊ ቢሆንስ? 40 ሚሊ ዘንግ ከየት ታስገባለህ? ማወፈር አትችልም። ማሳጠርም አትችልም፣ ቀዳዳው ጥልቅ ነው። አያም እዚህ ጋ እጃቸውን ያጥፋሉ። ናኖ ልባስ የሚባለው ነገር፣ ብረት ላይ የሚቀባ ሽፋን ነው፣ ስሙን ያገኘው እንዲህ ባለው ጥግ ነው።

ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ማሽኑ ስላረጀ ይመስለዋል። አንዳንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጩኸቱን የሚወልደው ራሱ ጩኸቱ ነው።

የጠጠር መንገድ ታውቃላችሁ። ግሬደር ያለፈበት ሰሞን ልስልስ ይላል። ከወር በኋላ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፤ መኪናው ጥርሳችሁን ያጋጫል። ማን ሸበሸበው? ጎማው ነዋ። አንዱ ጎማ ትንሽ ጉብታ ላይ ይዘላል፣ ሲያርፍ ይጎደጉዳል። የሚቀጥለው ጎማ ያቺን ጉድጓድ አግኝቶ ይዘላል፣ የባሰ ይጎደጉዳል። ቶርኖም እንደዚያው ነው። ስለቱ አንዴ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ላይ ሞገድ ትቶ ያልፋል። ብረቱ ዞሮ ሲመጣ ስለቱ የራሱን ሞገድ ያገኘዋል። የሚቆርጠው ውፍረት አንዴ በዛ፣ አንዴ አነሰ ይልበታል። ስለዚህ እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ የባሰ ሞገድ ይተዋል። ፍሬደሪክ ቴይለር የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1907 በታተመ ሥራው፣ ቶርነኛ ከሚገጥመው ችግር ሁሉ ውስብስቡ ይህ ነው ብሎ ነበር። ይህ ሰው ብረት መቁረጥን ለብዙ ዓመት ያጠና ሰው ነው። የሞገዱ መንስኤ በሒሳብ በደንብ የተብራራው ከእሱ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ቡሹ አሁን የት ደረሰ? እሺ። የያዝከው ልጅ፣ ከአንዱ ሽብሽብ ወደ ሌላው በማስመሪያ ለካልን። ስንት ነው? ሁለት ሚሊ ገደማ። ጥሩ። የ60 ሚሊ ቀዳዳ ዙሪያው 188 ሚሊ ነው። ለሁለት ስናካፍለው 90 አካባቢ ሞገድ በአንድ ዙር ይሆናል። ቶርኖው በደቂቃ 400 ዙር ነበር። 90 ጊዜ 400 ሲካፈል ለ60፣ በሴኮንድ 600 ንዝረት። ያን ቀን የሰማሁት የፍየል ጩኸት 600 ኸርዝ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ ብረቱ ግን ቀድቶ አስቀምጦታል። ይህን ቡሽ ያልጣልኩት ለዚሁ ነው።

«ዙሩን ብትቀይረውስ?» የሚል አይጠፋም። ዘመናዊ ፈጣን ማሽን ላይ ይሠራል። በደቂቃ 9,000 ዙር የሚዞር፣ አራት ጥርስ ያለው ፍሬዛ (ስለቱ ራሱ የሚዞርበት ማሽን) ላይ፣ ጩኸቱ ያው 600 ኸርዝ ቢሆን፣ በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል የምትገባው ሞገድ አንዲት ብቻ ናት። ዙሩን ትንሽ ስታስተካክሉት አዲሱ ሞገድ አሮጌው ላይ ልክ ይገጥምና ይረጋል። የኛ ቶርኖ ላይ ግን 90 ሞገድ ነው ያለው። ከ90 ወደ 91 ለመሄድ 4 ዙር ብቻ መቀነስ ይበቃል። ከአንዱ የሚረጋ ቦታ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ይኼን ያህል ጠባብ ነው። የቶርኖው ማርሽ ደግሞ ከ400 ወደ 315 ነው የሚዘልላችሁ። ዙሩን በጣም ብታወርዱት እርግጥ ይረጋጋል፤ የስለቱ ሆድ ሞገዱን እየታከከ ያረግበዋል። ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ለኛ ዓይነት ማሽን የቀረው ጥሩ መንገድ ንዝረቱን እዚያው ማርገብ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። አዲስ ቴክኖሎጂ ለአዲስ ማሽን ብቻ ነው የሚባለው ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ማርገብ ማለት ምን ማለት ነው? የሚንቀጠቀጥ ነገር ጉልበት ይዟል። ያ ጉልበት ወደ አንድ ቦታ ካልሄደ መንቀጥቀጡ አይቆምም። ውስጥ ለውስጥ በመፋተግ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ያልቃል። የቤተ ክርስቲያን ደወል አንጠልጥላችሁ ስትመቱት ረጅም ጊዜ ያቃጭላል። እጃችሁን ስታሳርፉበት ግን ጸጥ ይላል። ጉልበቱን እጃችሁ በላው።

ችግሩ ጉልበት የሚበላው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ መሆኑ ነው። ጎማ ይበላል፤ ግን ይሰምጣል። ብረት አይሰምጥም፤ ግን እንደ ደወል ይጮኻል። የቶርኖ አልጋ፣ ማለት መሠረቱ፣ ከተራ ብረት ሳይሆን ከካስት አይረን፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስሰው ብረት፣ የሚሠራው በከፊል ለዚህ ነው። ካስት አይረን ውስጥ ስስ ስስ የካርቦን ቅጠሎች ተበትነዋል፤ ንዝረት ሲመጣ እነሱ ይፋተጋሉ፣ ጉልበቱን ይበሉታል። ስለ ካርቦን ይህን ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ናኖ። ሚሊ ሜትርን አንድ ሚሊዮን ቦታ ብትቆርጡት አንዷ ቁራጭ ናኖ ሜትር ናት። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ቶርኖን ምን ይፈይደዋል?

ጤፍ የሞላ ጆንያ በዱላ ምቱ። ድም ይላል፣ አለቀ። አይጮኽም፣ ዱላውም አይነዝራችሁም። ለምን? ፍሬው ሁሉ እርስ በርሱ ይታከካል። የዱላው ጉልበት ሚሊዮን ቦታ ተከፋፍሎ ይጠፋል። ባቄላ ቢሆን መታከኪያው ያንሳል፤ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ናኖ መዋቅር ያለው ልባስም አሠራሩ ወደ ጤፉ ይሄዳል። ውስጡ በናኖ ሜትር የሚለኩ ጥቃቅን ዘለላዎች ታጭቀው ይገኛሉ። በዘለላና በዘለላ መካከል ድንበር አለ። ንዝረት ሲያልፍ ድንበሩ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ መንሸራተት አለ፤ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል። ከጤፉ የሚለየው ዘለላዎቹ በጠንካራ ቁርኝት የተያያዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ጆንያው አይሰምጥም። እኔ በካላማዳሪያ ያጣሁትን ልክ ይህ ልባስ ይጠብቀዋል።

አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላጥራ። ገበያ ላይ ወርቃማ ቀለም ያለው የካርባይድ ስለት አይታችኋል። ያ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። እሱም ልባስ ነው፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር 1,000 ናኖ ሜትር ነው። የለበሱ የካርባይድ ስለቶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ሥራቸው ስለቱን ከመበላትና ከሙቀት መጠበቅ ነው። መፋተግን ስለሚቀንሱ ንዝረትንም በተዘዋዋሪ ትንሽ ሊያግዙ ይችላሉ። እኔ የማወራው ልባስ ግን ስለቱ ላይ አይደለም የሚቀባው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ስቼው ነበር።

የሚቀባው ዘንጉ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። ነፋስ ሲመታው ባሕር ዛፍ የቱ ጋ ነው በጣም የሚንቀሳቀሰው? ጫፉ ላይ። ሲሰበርስ? ወደ ሥሩ። ጫፉ ይወዛወዛል እንጂ አይጨነቅም፤ ጭንቁ ያለው ሥሩ ላይ ነው። የቦሪንግ ዘንግም እንደዚያው ነው። ጫፉ ላይ ስለቱ ይንቀጠቀጣል፣ የመታጠፍ ጉልበቱ የሚከማቸው ግን ቶርኖው ጨብጦ የያዘው ቦታ አጠገብ ነው። ጉልበት በላተኛውን ማስቀመጥ ያለባችሁ ጉልበቱ ካለበት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ስለቱ አጠገብ ያለው ሙቀት አስፈሪ ነው፤ መያዣው ጋ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ የሚፍቀውም ብናኝ ብረት የለም።

በገና የምትደረድሩ ካላችሁ ቶሎ ትረዱኛላችሁ። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ የሚያርፍበት ላይ እንዝራ የምንላት ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እሷን ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ ስትሏት ያ ልብ የሚነካ እርግብግብ ድምፅ ይመጣል ወይም ይጠፋል። አውታሩ ያው፣ እንጨቱ ያው ነው። ሁሉን የወሰነችው መገናኛው ላይ ያለች ስስ ነገር ናት። በገና ላይ ንዝረቱን እንፈልገዋለን፤ ቶርኖ ላይ አንፈልገውም። የምንነካው ቦታ ግን አንድ ነው።

ይህን በሥራ ካሳዩት መካከል ስቶክሆልም የሚገኘው ኬቲኤች የተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሉ። የተጠቀሙት ካርቦን ናይትራይድ ነው፤ ካርቦንና ናይትሮጅን ማለት ነው። ይኸው ካርቦን ተመልሶ መጣ። ዘንጉን አየር የወጣለት ሣጥን ውስጥ ያስገቡታል። ካርቦን የያዘ ጋዝና ናይትሮጅን ይለቁበታል። በኤሌክትሪክ ጋዙን ወደ ፕላዝማ ይለውጡታል፤ መብረቅ ውስጥ ያለው ዓይነት የነደደ ጋዝ ነው። ከዚያ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ ብረቱ ላይ ቀስ እያለ ያርፋል፣ ይደራረባል። ለካርቦኑ የሚጠቀሙበት ጋዝ ምን መሰላችሁ? አሴቲሊን። አዎ፣ ሳልዳቱራ የምትሠሩበት አሴቲሊን። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ልባሱ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከወርቃማው ጋር ሲነጻጸር ጋቢ ነው። በኋላ መዳብ እያቀላቀሉም ሞክረዋል፤ ግትርነቱ እንዳይቀንስ። የካርባይዱ ስለት ከሚቀመጥበት ስፔሰር፣ ከሥሩ ከምትገባው ቁራጭ፣ ላይም ቀብተውታል።

ለረጅም ዘንግ ሌላ መፍትሔ እንዳለ አውቃለሁ፤ የምታውቁም አላችሁ። ውስጡ ክፍት ሆኖ ከባድ ብረት በጎማ ቀለበትና በዘይት የተንጠለጠለበት ዘንግ አለ። ውፍረቱን 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ወጥቶ ሳይጮኽ ይቆርጣል። ድንቅ ነገር ነው። ግን ውድ ነው፤ ደግሞ የተቃኘው ለአንድ የንዝረት ክልል ነው፣ ልክ እንደ ክራር ክር። ልባሱ ቅኝት አያሻውም። የመጣውን ንዝረት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል። በዚያ ላይ ቀጭን ዘንግ ውስጡን ከፍቶ ከባድ ብረት ማስገባት አይመችም፤ ላዩን መቀባት ግን ይቻላል።

አሁን ጉድለቱን። ልባሱ ውፍረት አለው። በየጎኑ 0.2 ሚሊ ብትቀቡት የ20 ሚሊ ዘንግ 20.4 ሆነ፤ የድሮው መያዣ ውስጥ አይገባም። አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሁለተኛ፣ እኛ ዘንግ የምናስረው በሦስት ቡሎን ጫፍ እየወጋን ነው። ያን ብታደርጉ ልባሱን ትወጉታላችሁ፤ ደግሞ ዘንጉ የተያዘው በሦስት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ልባሱ የሚበላው ጉልበት አይደርሰውም። ዙሪያውን የሚጨብጥ የተሰነጠቀ ቡሽ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አየር የሚያወጣው ሣጥንና የፕላዝማው ኃይል ምንጭ ቀላል ዕቃ አይደለም። ዛሬ ማታ ደብረ ማርቆስ ላይ አንቀባም።

የተሰነጠቀውን ቡሽ ግን ነገ ጠዋት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከዘንጉ ጋር በልክ ትቦረቡሩታላችሁ፣ በቁመቱ አንድ መስመር ትሰነጥቁታላችሁ፣ ቡሎኑ ቡሹን ይጫናል፣ ቡሹ ዘንጉን ዙሪያውን ይጨብጣል። ያለ ምንም ናኖ ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ መያዣውን በጨርቅ ጥረጉ። አንዲት የብረት ፍርፋሪ ሥሩ ከገባች ዘንጉ የተቀመጠው ፍርፋሪዋ ላይ ነው። የአፍንጫው፣ ማለት የጫፉ፣ ክብ አነስ ያለ ስለት ምረጡ፤ ትልቁ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፋዋል። አንዳንዴም መፍራቱን ትታችሁ አመጋገቡን፣ ስለቱ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደውን፣ ጨምሩት። በጣም ስስ እየላጩ መሄድ ራሱ ያስጮኻል።

ጥያቄ አለ? አንተ፣ ወደ ኋላ።

«እንዝራውን፣ ቆዳዋን ከዘንጉ ሥር ብናደርግስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትሳቁበት። ቆዳ ከጎማ ይሻላል፣ ግን ከብረት ጋር ሲነጻጸር አሁንም ለስላሳ ነው፤ ይሰምጣል። ልትሞክረው ትችላለህ። መጀመሪያ ያለ ቆዳው ቁረጥ፣ ለካ። ከዚያ ከቆዳው ጋር ቁረጥ፣ ለካ። ጩኸቱን በስልክህ ቅዳው፤ የድምፅን ኸርዝ የሚያሳይ አፕ አለ። ሁለቱንም ቁጥር ይዘህ ና። ጩኸቱ ቀንሶ ልኩ ከተበላሸ እንደ እኔ ሆንክ ማለት ነው።

እትዬ፣ እርስዎ? «ጎጃሜ ንዝረት ጠልቶ እስክስታውን በምን ሊመታው ነው?» አሉ። ይህን ለሌላ ተናጋሪ አስተላልፌዋለሁ።

ሌላ ጥያቄ ካለ ሻይ ላይ እንቀጥላለን። ቡሹን ግን መልሱልኝ፣ ማን ጋ ነው? አንቺ ጋ። ምን አልሽ?

«መምህር፣ ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ ቆጠርኩት። 90 አይደለም። 87 ነው።»

87 ጊዜ 400፣ ሲካፈል ለ60። ስንት መጣልሽ?

«580።»